ትልቅ ፓወር ባንክ በራስ እጅ፦ ከሴል መረጣ እስከ መጀመሪያው ቻርጅ

ርካሽ ፓወር ባንክ ላይ የተጻፈ ቁጥር ማመን ይከብዳል። 50,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል፤ ስታነሱት ግን ከስልክ ብዙም አይከብድም። ሒሳቡ አይገጥምም። 18650 የሚባለው ክብ ሴል (ፓወር ባንክ ውስጥ የሚገባው የባትሪ ፍሬ) ጥሩ የሚባለው ሲሆን 3,500 አካባቢ ይይዛል፤ ክብደቱም ከ45 እስከ 50 ግራም ነው። ስለዚህ 50,000 ለመሙላት 15 ያህል ሴል ያስፈልጋል። ይህ ሣጥኑና ቦርዱ ሳይቆጠር 700 ግራም ያልፋል።

ራሳችሁ ስትሠሩት ቢያንስ ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። ሲበላሽ ከፍታችሁ ትጠግኑታላችሁ፤ ሴል ሲደክም ትቀይራላችሁ። ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ ካሰባችሁት ግን ይቅርባችሁ። ጥሩ ሴል፣ ጥሩ ቦርድ፣ ፊውዝና ሣጥን ሲደመሩ ከፋብሪካው ዕቃ የሚረክሱበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ደግሞ ሥራው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ብየዳ አይደለም። ብየዳው ግማሽ ቀን አይፈጅም። ጊዜውን የሚበላው ሴል መምረጥና መለካት ነው፤ ባትሪው ደህና የሚሆነውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

የምንሠራው ምንድን ነው?

እያንዳንዳቸው 3,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሆኑ 10 ሴሎችን በፓራለል እናገናኛለን። ሁሉም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ሁሉም ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ማለት ነው። ቮልቱ እንደ አንድ ሴል ይሆናል፤ መጠኑ ግን ተደምሮ 30,000 ይደርሳል።

ይህን ቁጥር ግን ወደ ዋት ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው ወደሚይዘው ጠቅላላ ኃይል፣ ቀይሩት፤ እውነቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው። የሴሉ አማካይ ቮልት 3.6 ነው። 30 አምፒር ሰዓት በ3.6 ቮልት ሲባዛ 108 ዋት ሰዓት ይሆናል። ቦርዱ ቮልቱን ወደ 5 ወይም 9 ሲያሳድግ ከ10 እስከ 15 ከመቶ በሙቀት ይባክናል። ስለዚህ ከሶኬቱ የምታገኙት ከ92 እስከ 97 ዋት ሰዓት ነው። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ፣ ስልኩ ውስጥ የሚባክነውም ሲታሰብ አራት ጊዜ ከነትራፊው ይሞላል። «30,000 ለ5,000 ሲካፈል ስድስት» የሚለው ሒሳብ የማስታወቂያ ሒሳብ ነው።

ለምን ፓራለል? ለጀማሪ የሚቀለው እሱ ስለሆነ ነው። ሴሎቹ ሁልጊዜ እኩል ቮልት ላይ ስለሚቀመጡ ማመጣጠኛ ቦርድ አያስፈልግም። ለስልክ፣ ለታብሌት፣ ለካሜራ፣ ለትንሽ መብራት ይበቃል። ላፕቶፕ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 65 ዋት ከ3.2 ቮልት ለማውጣት ከ20 አምፒር በላይ መሳብ ይኖርበታል፤ ሽቦውም ቦርዱም ይቃጠላል። ለላፕቶፕ ሴሎቹ በሲሪየስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ) ተያይዘው ማመጣጠኛ ያለው መከላከያ ቦርድ ይገባላቸዋል። በዚህ መመሪያ አይሠራም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 10 አንድ ዓይነት የ18650 ሊቲየም አዮን ሴሎች፣ የራሳቸው መከላከያ ቦርድ የሌላቸው
- 18650 የሚይዝ የፕላስቲክ መደርደሪያ
- ለፖዘቲቭ ጫፍ የሚሆን ቀለበት ቅርጽ ያለው መከላከያ ወረቀት
- ሴሎቹን የሚያገናኝ ንጹህ የኒኬል ሪባን፣ 0.15 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 8 ሚሊ ሜትር ስፋት
- 18 ዋት የሚያወጣ የፓወር ባንክ ቦርድ፣ ዩኤስቢ ሲ ያለው
- 10 አምፒር የመኪና ፊውዝ ከነመያዣው
- ሲሊኮን ሽፋን ያለው ቀይና ጥቁር ሽቦ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ
- ሙቀት የሚችል ፕላስተር፣ ባትሪ መጠቅለያ ፕላስቲክና ብረት ያልሆነ ሣጥን
- ስፖት ዌልደር (ሪባኑን ሴሉ ላይ በነጥብ የሚበይድ መሣሪያ)፣ ለሽቦዎቹ የመበየጃ ብረትና እርሳስ፣ ሴል መሞከሪያ ያለው ቻርጀር፣ መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ)፣ የዩኤስቢ መለኪያ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር

ቦርዱን በርካሽነቱ አትምረጡት። ቲፒ4056 የሚባለው ትንሽ ቦርድ በየቦታው ይገኛል፤ የሚሞላው ግን በ1 አምፒር ነው። 30 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ በሱ ሲሞላ ከአንድ ቀን ሙሉ በላይ ይፈጃል። የምትፈልጉት መሙላትም ማውጣትም የሚችል፣ ከመጠን ያለፈ መሙላትን፣ እስከ ታች ማለቅን፣ ከመጠን ያለፈ አምፒርንና ሙቀትን የሚቆጣጠር ቦርድ ነው። በ18 ዋት ሲሞላ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ሴል የሚደርሰው ግማሽ አምፒር እንኳ አይሞላም፤ ለሴሎቹ ዕድሜ ጥሩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ሌላ ዓይነት ሴል አለ። እሳት የመፍጠር ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ነገር ግን ሲሞላ 3.65 ቮልት ነው፤ የኛዎቹ ሴሎች ግን 4.2 ናቸው። ለ4.2 ቮልት በተሠራ ቦርድ ከሞላችሁት ከልኩ አልፎ ይሞላል። ከመግዛታችሁ በፊት ቦርዱና ሴሉ አንድ ዓይነት ኬሚስትሪ የሚናገሩ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ደረጃ 1፦ ሴሎቹን መለየት

አዲስ ከገዛችሁ ሳምሰንግ፣ ኤልጂ፣ ፓናሶኒክ ወይም ሙራታ የሚል የታወቀ ስም ፈልጉ። ያም ሆኖ አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል፤ ስለዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ጥሩ ሴል ከ45 ግራም እምብዛም አይወርድም፤ 30 ግራም የሚመዝን ከሆነ ውስጡ ሌላ ነገር ነው። «9,900» የተጻፈበትን 18650 ካያችሁ መመዘንም አያስፈልግም።

ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ካወጣችሁ ሥራው ይበዛል። መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩ። ያበጠ፣ የጎደጎደ፣ የዛገ፣ ፈሳሽ ያወጣ ወይም ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ያለው ወዲያው ይወገድ። መጠቅለያው ብቻ ከተቀደደ አዲስ ይለበስለታል።

ቀጥሎ ቮልት ለኩ። ከ2 ቮልት በታች የወረደ ሴል አይነሣም። ቻርጀር ላይ ሲደረግ የተነሣ ይመስላል፤ አደጋውም እሱ ነው። በጣም ሲያልቅ በውስጡ ያለው የመዳብ ንጣፍ ይሟሟል። እንደገና ሲሞላ መዳቡ ባልሆነ ቦታ ይከማችና ከውስጥ ሾርት (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በቀጥታ መነካካት) ሊፈጥር ይችላል። ያ ደግሞ ዛሬ ወይም ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል።

የቀሩትን ሴሎች መሞከሪያ ያለው ቻርጀር ላይ አድርጋችሁ ሙሉ በሙሉ ሙሉ፤ ኃይላቸውን አስወጡ፤ እንደገና ሙሉ። መሞከሪያው የያዘውን መጠን ይነግራችኋል። ከመጀመሪያ መጠኑ 80 ከመቶ በታች የያዘ ይቅር። ሲሞላ እጅን የሚያቃጥል ሴልም ይቅር፤ ለብ ማለት እንጂ መጋል ጤና አይደለም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር መጣ። ሴሎቹን እስከ 4.2 ቮልት ሞልታችሁ፣ የእያንዳንዱን ቮልት በራሱ ላይ በማርከር ጽፋችሁ፣ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡ። ከዚያ እንደገና ለኩ። ጤነኛው 4.15 አካባቢ ይቆያል። ከ4.1 በታች የወረደ ሴል በራሱ እየፈሰሰ ነው፤ ባትሪው ውስጥ ከገባ ጎረቤቶቹን ቀን ከሌት ይመጠምጣል። ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያሰለቻል፣ እውነት ነው። ግን ከተበየደ በኋላ ሌባውን ከአሥሩ መካከል ለመፈለግ ሁሉንም መንቀል ሊጠይቅ ነው።

ደረጃ 2፦ ቮልታቸውን እኩል ማድረግ

ሁለት ሴሎችን በፓራለል ስታገናኙ ከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይፈስሳል። ምን ያህል እንደሚፈስስ ማስላት ይቻላል። አንዱ 4.1፣ ሌላው 3.2 ቮልት ቢሆኑ ልዩነቱ 0.9 ቮልት ነው። የእያንዳንዱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታው) 0.05 ኦም ነው እንበል፤ የሁለቱ 0.1 ኦም ይሆናል። 0.9 ለ0.1 ሲካፈል 9 አምፒር! ይህን ያህል አምፒር ማንም ሳይቆጣጠረው በአንድ ጊዜ ወደ ደካማው ሴል ይገባል። ሴሎቹ አሥር ሲሆኑ ደግሞ ዘጠኙ በአንዱ ላይ ይዘምታሉ።

ስለዚህ ከመገናኘታቸው በፊት ልዩነታቸው ከ0.05 ቮልት እንዳይበልጥ አድርጉ። 3.6 ወይም 3.7 ቮልት አካባቢ ላይ ብትሠሩ ይመረጣል። ሙሉ የሆነ ሴል አደጋ ሲደርስበት የሚለቀው ኃይል ስለሚበዛ፣ ለሥራ ጊዜ ግማሽ የሞላ ሴል ይሻላል።

ደረጃ 3፦ መደርደር

ቀለበቶቻችሁንና የእጅ ሰዓታችሁን አውልቁ። ጠረጴዛው ላይ መቀስም ብሎንም አይቀመጥ።

የ18650 ሴል አካሉ በሙሉ ኔጋቲቭ ነው። ከታቹ ብቻ አይደለም፤ ጎኑም፣ ፖዘቲቩን ጉብታ የከበበው ጠርዝም ጭምር ነው። በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ መካከል ያለው ርቀት እዚያ ጠርዝ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ጠርዙን የሚሸፍነውም ቀጭን መጠቅለያ ነው። በላዩ የሚያልፈው ኒኬል ሪባን መጠቅለያውን ከቆረጠ ጣጣ ነው። የመከላከያ ወረቀቱ ቀለበት የሚለጠፈው ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ ለጥፉ፤ አንድም አትዝለሉ።

ከዚያ ሴሎቹን 2 በ5 አድርጋችሁ መደርደሪያው ውስጥ አስገቡ። 10 ሳንቲ ሜትር በ4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ፖዘቲቭ ሁሉ ወደ አንድ ፊት፣ ኔጋቲቭ ሁሉ ወደ ሌላው ፊት ይዙር። አንድ ሴል ብቻ ተገልብጦ ከገባ የቀሩት ዘጠኙ በሙሉ ኃይላቸው በሱ ላይ ሾርት ያደርጋሉ። በዓይን አይታችሁ አትመኑ። በመልቲሜትር አሥሩንም አንድ በአንድ ለኩ፤ ቀዩ ጫፍ በአንድ በኩል ሳይዞር አሥሩም ላይ የመቀነስ ምልክት የሌለው ቁጥር ማሳየት አለበት።

ደረጃ 4፦ ብየዳ

በተለመደው የመበየጃ ብረትና እርሳስ ሴል ላይ አትበይዱ። የብረቱ ጫፍ ወደ 350 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይግላል። ሴሉ ውስጥ ሁለቱን ንጣፎች የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ደግሞ 130 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል። ስፖት ዌልደር ሙቀቱን በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ስለሚያሳርፍ ሴሉ አይጎዳም።

ስፖት ዌልደር ከሌላችሁ በስፕሪንግ የሚይዝ የፓራለል ሴል መያዣ ግዙ። ሴል እንደ ሪሞት ባትሪ እየገባ እየወጣ ይሠራል። 18 ዋት ሲወጣ ከእያንዳንዱ ሴል የሚሳበው 0.6 አምፒር ገደማ ስለሆነ ስፕሪንጉ ይችለዋል። የሚያሰጋው ገልብጦ ማስገባት ነው፤ ስለዚህ አንዴ ከተሞላ በኋላ ሣጥኑ ይዘጋ፤ ልጆች አይነካኩት።

ዌልደር ላላቸው፣ ኒኬሉን መጀመሪያ ፈትሹት። ኒኬል የተቀባ ብረት እንደ ንጹህ ኒኬል የሚሸጥ ብዙ አለ። ሪባኑን በቢላ ጫሩትና ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ዝገት ካለው ብረት ነው፤ ይግላል፣ ቀስ በቀስም ይበላሻል።

የዌልደሩን ኃይል የምታስተካክሉት በሞተ ሴል ላይ ነው። በይዱ፣ ከዚያ ሪባኑን በፒንሳ ይዛችሁ ገንጥሉት። በቀላሉ ተላቆ ከወጣ ኃይሉ ያንሳል። ሪባኑ ተቀዶ ትናንሽ የኒኬል ነጥቦች ሴሉ ላይ ከቀሩ ልኩ እሱ ነው። ሴሉ ላይ ቀዳዳ ወይም የጠቆረ ቦታ ካያችሁ በዝቷል። ልኩን ካገኛችሁ በኋላ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ወደ እውነተኛው ሥራ ግቡ። በእያንዳንዱ ሴል ጫፍ ላይ ቢያንስ አራት ነጥብ ይኑር።

አንዱን ፊት ስትጨርሱ በፕላስተር ሸፍኑት፤ ከዚያ ገልብጡ። ሳይሸፈን መገልበጥ ማለት አሥር ሴል የተገናኘበትን ብረት ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ማስተኛት ነው።

ሽቦዎቹ የሚወጡበት ቦታም ይታሰብበት። ቀዩ ከአንዱ ጫፍ፣ ጥቁሩ ከተቃራኒው ጫፍ ይውጣ። ሁለቱም ከአንድ ጫፍ ከወጡ እዚያ ያሉት ሴሎች ይበልጥ ይሠራሉ፣ ቀድመውም ይደክማሉ። አምፒሩ በሚበዛበት ሽቦው አጠገብ ሪባኑን ድርብ አድርጉት። ሽቦውን የምትበይዱት ከሴሉ ዘለግ ብሎ በወጣው የሪባን ጫፍ ላይ ነው፤ ሴሉ ራስ ላይ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ፊውዝና ቦርድ

ፊውዙ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ፣ ለሴሎቹ በተቻለ መጠን ቀርቦ ይቀመጣል። 10 አምፒር በቂ ነው። ፊውዙን ግን አሁን አታስገቡት፤ መያዣው ባዶ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ሽቦዎቹን ቦርዱ ላይ የምትበይዱት ኤሌክትሪክ በሌለበት ነው።

ቦርዱ ላይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የተጻፈበትን አይታችሁ በይዱ። ከዚያ መልቲሜትሩን በፊውዝ መያዣው በባትሪው በኩል ባለው ጫፍና በጥቁሩ ሽቦ ላይ አድርጉ። 3.6 አካባቢ፣ የመቀነስ ምልክት ሳይኖረው ማሳየት አለበት። ተገልብጦ ከተገናኘ ቦርዱ በቅጽበት ይሞታል፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። የሙቀት መለኪያ ሽቦ ካለው መሃል ባሉት ሴሎች መካከል ለጥፉት፤ ሙቀት የሚከማቸው እዚያ ነው።

ሁሉም ከተረጋገጠ በኋላ ፊውዙን አስገቡ። ስክሪኑ ካልበራ አትደንግጡ። ብዙ ቦርዶች የሚነቁት ለመጀመሪያ ጊዜ ቻርጀር ሲሰካባቸው ነው።

ደረጃ 6፦ ሣጥን

ፕላስቲክ ይሁን፤ አየር እንዳይወጣበት ታሽጎ ግን አይዘጋ። ሴል አደጋ ሲደርስበት ጋዝ የሚያስወጣበት መተንፈሻ አለው፤ ሣጥኑ ከታፈነ ወደ ፈንጂነት ይቀየራል። ጥቂት ቀዳዳዎች ይበቃሉ። የሣጥኑ ብሎኖች ወደ ሴሎቹ የማይደርሱ አጫጭር ይሁኑ። ቦርዱ ስለሚሞቅ ከሴሎቹ በቀጭን የፕላስቲክ ግድግዳ ይለይ። ስትነቀንቁት ምንም ነገር መንኳኳት የለበትም።

በላዩ ላይ የተሠራበትን ቀን፣ 108 ዋት ሰዓት መሆኑንና የሴሉን ዓይነት ጻፉ። ከዓመት በኋላ ራሳችሁም ትረሱታላችሁ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ቻርጅ

ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከፍራሽ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቀን ላይ፣ እናንተ ባላችሁበት ሙሉት። የሣጥኑን ክዳን ከፍታችሁ እስኪሞላ ድረስ ሴሎቹን በየጊዜው ዳስሱ። ቦርዱ ሊሞቅ ይችላል፤ ሴሎቹ ግን ከክፍሉ ሙቀት ብዙም መራቅ የለባቸውም። አንዱ ሴል ብቻ ከሌሎቹ ለይቶ ከሞቀ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ፊውዙንም አውጡ።

ሞላ ሲል የሴሎቹን ቮልት ለኩ። ከ4.15 እስከ 4.20 መሆን አለበት። 4.25 ካለፈ ቦርዱ አይረባም፤ ጣሉት። ከዚያ የዩኤስቢ መለኪያውን ሰክታችሁ ኃይሉን እስኪያልቅ አውጡ። መለኪያው 92 እና ከዚያ በላይ ዋት ሰዓት ከቆጠረ ሥራችሁ አምሯል። 70 ካለ ግን ወይ ደካማ ሴል አለ፣ ወይ አንድ ብየዳ አልያዘም።

እሳት ቢነሣ ብዙ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። በዚህ ዓይነት ሴል ውስጥ ንጹህ የሊቲየም ብረት (ሜታል) ስለሌለ ውሃ አያባብሰውም፤ ማቀዝቀዙ ነው ቁም ነገሩ። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ግን ሰው ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ዕቃውን ትታችሁ ሽሹ።

ከተሠራ በኋላ

ለጆሮ ማዳመጫና ለእጅ ሰዓት ስትጠቀሙት በየደቂቃው እየጠፋ ሊያናድዳችሁ ይችላል። ብልሽት አይደለም። ቦርዱ በጣም ትንሽ አምፒር ሲሳብ «ሞልቷል» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ዝቅተኛ አምፒር የሚፈቅድ ሁነታ ያለው ቦርድ ካላችሁ ችግሩ ይቀረፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ሁለት ጊዜ መጫን ነው።

ራውተር ለማንቀሳቀስም ይሆናል። ቦርዱ 12 ቮልት የሚያወጣ ከሆነ ከዩኤስቢ ሲ 12 ቮልት የሚጠይቅ ገመድ አለ። 12 ዋት የሚበላ ራውተር ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይሠራል፤ ብዙዎቹ ከዚያ ያነሰ ስለሚበሉ ደግሞ ሊቆይ ይችላል።

አውሮፕላን ላይ ይዛችሁት አትሂዱ። መንገደኛ ይዞት የሚገባው የሊቲየም ባትሪ የተባበሩት መንግሥታትን የ38.3 የደህንነት ፍተሻ ያለፈ ዓይነት መሆን አለበት፤ ቤት የተሠራ ያን አላለፈም። በዚያ ላይ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ ለሆነ የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል።

ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነበት ቦታ አትሙሉት፤ ሊቲየሙ ንጣፉ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ላዩ ላይ ይጋገራል። ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥም አትተዉት። ለረጅም ጊዜ የማትፈልጉት ከሆነ ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ በየሦስት ወሩም ቮልቱን እዩ። ዕድሜው አልቆ ስትበትኑት የእያንዳንዱን ሴል ሁለት ጫፎች በፕላስተር ሸፍናችሁ አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስብ ስጡ። ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት፤ የቆሻሻ መኪና ሲጨፈልቀው እሳት ይነሣበታል።